«ሁሉን አወቅ» ምክር ሲቀበል

የእህቴ ባል የጎማ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ሠራተኞቹ «ሁሉን አወቅ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱ ምስጋና ይመስለዋል። ለሐኪም መድኃኒት ያዝዛል፣ ለሹፌር መሪ ያስተምራል፤ መንጃ ፈቃድ ግን የለውም። እህቴን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያርማት ኖሯል፤ አነጋገሯን፣ አረማመዷን፣ አሳሳቋን ሳይቀር።

አንድ ቀን በዕቃ ጫኙ ተናዶ የእጅ ባትሪ ወረወረበትና ግንባሩን ፈነከተው። መሥሪያ ቤቱም ቁርጡን ነገረው፦ ወይ ትሰናበታለህ፣ ወይ ፈቃድ ካላት የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር በኢንተርኔት ስምንት ጊዜ ትነጋገራለህ።

«እኔ እብድ ነኝ?» አለ። ቢሆንም አማካሪዋን መረጠ።

ኮምፒውተሩን እንዳስተካክልለት ጠርቶኝ ስሄድ ከላይ ኮትና ክራባት፣ ከታች የፒጃማ ሱሪ ለብሶ ተሰይሟል። እህቴን ካሜራው በማያያት ጥግ አስቀምጧታል፤ የተረሳ ነገር ካለ እንድታስታውሰው። እኔ ወጣሁ። የቀረውን የነገረችኝ እሷ ናት።

አማካሪዋ ገና ሰላም ስትለው «መጀመሪያ ፈቃድሽ ይታይ» አላት። ቁጥሩን ሰጠችው፤ የት እንደሚያጣራም ነገረችው። «ክፍሉ ውስጥ ብቻዎን ነዎት?» ስትለው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ብቻዬን» አላት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ጥፋት ከደብተር አነበበላት። ዕቃ ጫኙ ዋልጌ፣ አለቃው ቅናተኛ፣ እኔ ሥራ ፈት፣ ሚስቱ ዝንጉ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። አማካሪዋ በትዕግሥት አዳመጠችው።

በአራተኛው ሳምንት ግን «እስካሁን የነገሩኝ ስለ ሌሎች ነው» አለችው። «እርስዎ ሲቆጡ ቤት ውስጥ የሚፈራዎት ሰው አለ?»

«ማን ይፈራኛል! ሚስቴ እንደ ልቧ ናት» አለና ወደ ጥጉ ዞሮ «አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

እሷን ደበቅኩ ብሎ ራሱን አጋለጠ። «ይህ ሰዓት የእርስዎ የብቻዎ መሆኑን ነግሬዎት ነበር። እዚያ ያሉት እመቤትም የመቀመጥ ግዴታ የለባቸውም» አለችው አማካሪዋ።

እህቴ ተነሣች።

«ቁጭ በይ!» አለ በሹክሹክታ፤ ማይክሮፎኑ የማይሰማ መስሎት። አልተቀመጠችም። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲያ «ልጅቷ ጀማሪ ናት፤ ይልቅ እኔ አስተማርኳት» ብሎ ምክሩን አቋረጠ። መሥሪያ ቤቱ አልሰማውም። አራቱን ስለ ጨረሰ ባያሰናብተውም፣ ከሥሩ የሚያዝዘው ሰው በሌለበት፣ በበሩ ገቢና ወጪ መኪና መዝጋቢ አደረገው። ለጠየቀው ሁሉ «ፀሐይ እንዳገኝ በራሴ ጥያቄ ነው» ይላል።

እህቴ ለዚያችው አማካሪ ደውላ ነበር። አማካሪዋም ባልና ሚስትን ለየብቻ መያዝ እንደማይገባት ነግራት፣ ሌላ ባለሙያ ጠቆመቻት። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ እኔ ቤት ትመጣለች፤ ጓዳውን ዘግታ ትነጋገራለች፤ እኔ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ። ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኗ አብጦ ትወጣ ነበር። ከዚያ አንድ ሐሙስ ስትወጣ «እራት ብይ እንጂ፣ እትዬ» ብላት «አይ፣ አላሰኘኝም» አለች። ቀላል ነገር ይመስላል። እሷ ግን አላሰኘኝም ስትል ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ምክሩን በጀመረች በስምንተኛው ወር ቤት ተከራይታ ከባሏ ወጣች።

እሱ እኔን ሊያነጋግር መጣ። «ምን ብለው መከሯት?» አለኝ።

«አልመከሯትም መሰለኝ፤ ጠይቀዋት ነው» አልኩት።

«ለእሱ ለእሱማ እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር!» አለ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ተቀይሞኝ ሄደ።

አሁን በሩ ላይ ለጥበቃዎቹ ስለ ትዳር ምክር ይሰጣል። እነሱም ምን ያድርጉ፣ ፈረቃቸው እስኪያልቅ ያዳምጡታል።