ግራና ቀኝ የተቀያየሩት ቁልፎች

ማንበብ የተማርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ኦክላንድ ውስጥ፣ በአዋቂዎች ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት የምኖረው በቦታ ነበር። የሥራ ቦታው ማሽን ላይ ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ፣ ፎርም ላይ ከታች በስተቀኝ ፊርማ። የማያነብ ሰው ገባህ ወይ ሲሉት ገባኝ ይላል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ስለዚህ የሠራሁት ጥፋት ሰበብ የለውም።

ፊደል ከያዝኩ በኋላ ኮድ መጻፍ ተማርኩ። ሳን ሆዜ ውስጥ ስድስት ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ኬር ሆም ያላቸው ኤርትራዊት ሴት ነበሩ፤ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸዋለሁ። "ወረቀቱ አስጠላኝ። መድኃኒት ማን እንደሰጠ የሚመዘግብ ነገር ሥራልኝ" አሉኝ። ሠራሁላቸው።

ስክሪኑ ላይ የሚታየውን መስኮትና ቁልፍ ግን ከባዶ አልሠራሁትም። ላይብረሪ የሚባል ነገር አለ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ጽፈው ለሁሉም የለቀቁት ኮድ ነው፤ ወስደህ በራስህ ሥራ ውስጥ ታስገባዋለህ። አንዴ ከጻፍክ በየትኛውም ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል ይባላል። እኔም አመንኩ።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ አንዱ ያስፈራኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ አባባ የምንላቸው፣ ደም የሚያቀጥን ክኒን በቀን አንዴ፣ ጠዋት ይወስዳሉ። ቢደገም ደማቸው አይቆምም። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ሁለተኛ ጥያቄ ጨመርኩ፤ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም? ጽሑፉ ለተቆጣጣሪዎች ሲባል እንግሊዝኛ ነው። ለሠራተኞቹ ብዬ በግራው ቁልፍ ላይ አረንጓዴ ምልክት፣ በቀኙ ላይ ቀይ አደረግሁ። የጠዋቷን ሠራተኛ ሳሠለጥናት፣ "ጋሼ፣ የግራው ነዋ?" አለችኝ። "አንብቢው እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት። ገባኝ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ያን አነቃነቅ ማወቅ ነበረብኝ።

ለወራት በደህና ሠራ። ከዚያ የእትዬ ልጅ የማትፈልገውን ኮምፒውተር ሰጠቻቸው፤ የሌላ ኩባንያ፣ ቆንጆ፣ ቀጭን። "ያንተ ነገር እዚህ ላይ ይሠራል?" አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም። "ይሠራል፣ ምን ችግር አለው" አልኳቸው። ጫንኩት፣ ተከፈተ፣ ስሞቹ ወጡ፤ ሦስት ደቂቃ አይቼ ወደ ኦክላንድ ተመለስኩ።

በአምስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እትዬ ኮል አደረጉልኝ። ፕሪንተሩ አልሠራ ብሏቸው ነው።

"ደግሞ እኮ አባባ አመል አወጡ" አሉኝ በመሃል። "ጠዋት ክኒናቸውን እምቢ ይላሉ መሰለኝ፣ በየቀኑ መዝገቡ ላይ ቀይ ነው የሚወጣው። ደግነቱ ከሰዓት የምትገባው ልጅ ቀዩን አይታ ስትሰጣቸው ይውጣሉ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አዲሱ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ።"

የላይብረሪው መመሪያ ላይ በጣቴ እየተከተልኩ ያነበብኩት አንድ መስመር መጣብኝ፤ ቁልፎቹን እንደየኮምፒውተሩ ልማድ ይደረድራል ይላል። ሳነበው ጎበዞች ናቸው ብዬ ነበር። በአሮጌው ኮምፒውተር ልማድ አዎ በግራ ነው፣ በአዲሱ በቀኝ። በአዲሱ ደግሞ ቁልፍ ላይ ሥዕል አይደረግም። አረንጓዴው የለም፣ ቀዩ የለም። የጠዋቷ ልጅ ክኒኑን ሰጥታ፣ እንደለመደችው ግራውን ስትነካ፣ አልሰጠሁም ብላ እየመዘገበች ነበር ማለት ነው።

"እትዬ፣ ያስቁሟት! የዛሬውን እንዳትሰጥ!"

"አሁን እየሰጠቻቸው ነው እኮ፣ ምን ሆንክ?"

"ያስቁሟት አልኩ!"

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ፣ አያነሱም። መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ፍሪዌዩ አላልቅ አለ። ላይብረሪውን የጻፉትን ሰዎች በአማርኛ ሰደብኳቸው። ግን እኮ ጽፈውት ነበር። እነሱ አባባን አያውቋቸውም፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።

ስደርስ እትዬ ደም አይተው የጠሩት አምቡላንስ አባባን ይዞ ሊሄድ ነው። የዛሬዋ ክኒን ገና ከጽዋዋ ውስጥ ነበረች። ያለፈው የአራት ቀን ግን ተደግሟል። ክንዳቸው ከክርን እስከ መዳፍ ጠቁሯል፣ ድዳቸው ይደማል። ክንዳቸውን ሁሉም አይተውታል፤ እርጅና ነው ብለው ነው ያለፉት።

እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት እሰጣቸው ነበር ያለቻቸውን የጠዋቷን ሠራተኛ ኩሽና ውስጥ ያዙ። "ማንበብ አትችይም እንዴ? ሰው ልትገድይ ነው?" ልጅቷ ፎጣ እያጠፈች ወለሉን ታያለች። አዎ፣ አልችልም ብትል ከሥራ እንደምትባረር ታውቃለች። ዝም ብል ጥፋቱ እሷ ላይ ይቀር ነበር። ዝም ልበል ብዬም አስቤያለሁ፣ አልዋሽም።

"እሷ አይደለችም" አልኩ። "የእኔ ፕሮግራም ነው የገለበጠው። ሳልሞክረው ነው የጫንኩት።"

"ይሠራል አላልክም?"

"ብያለሁ።"

የመኪናቸውን ቁልፍ አንስተው አምቡላንሱን ተከትለው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን ስልክ በጮኸ ቁጥር ሞቱ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደማቸው ቆመ አሉ። እኔም ጥያቄውን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን የላይብረሪ ሳጥን አውጥቼ ጣልኩት፤ ሁለቱን ቁልፎች ራሴ ሣልኳቸው፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ የትኛውም ላይብረሪ በማይነካቸው መንገድ። በአሮጌውም በአዲሱም ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት፤ ልጅቷ እያየችኝ፣ ከዚያ እኔ እሷን እያየሁ።

አባባ ከሆስፒታል በተመለሱ ማግስት ጠዋት እዚያው ቆሜ ነበር። ልጅቷ ክኒኑን ሰጠቻቸው፣ ላይኛውን ቁልፍ ነካች፣ ወደ እኔ ዞረች።

"ልክ ነው ጋሼ?"

"ልክ ነው።"

አባባ ውሃቸውን ጨርሰው ሁለታችንንም አዩን። "እንግዲህ ሁለተኛዋን ከሰዓት ትደግሙልኛላችሁ" አሉ።

ልጅቷ ሳቀች፣ እትዬም ከሳሎን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ፋይሉን ከፍቼ የተመዘገበውን እንደገና አየሁ። ተሰጥቷል ይላል። ከሰዓት እስኪያልፍ ከዚያ ቤት አልወጣሁም።