ሞርሲቶ ወንዝ ውስጥ ያሰጠምነው ዲናሞ

ሆሳዕና ገበያ አጠገብ በነበረችው የጋሽ ሸምሱ የሬዲዮና የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ ሱቁን መጥረግና የመበየጃ ካውያ ማጋል ነበር። መብራት ስላልነበረን ካውያው የሚግለው በከሰል ነው። ቀይ እስኪሆን አቆየሁትና ጫፉ ተበላሸ። ጋሽ ሸምሱ አገላብጠው አዩትና፣ «ብረት ቀጥቃጭ ቤት የገባህ መሰለህ? እኛ ማረሻ አንሠራም» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ማዕረግ ነበር። ተለማማጅ ይጠርጋል፣ ረዳት የሬዲዮ ክዳን ይፈታል፣ ባለሙያ ይበይዳል። ባለሙያው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ በሁለተኛው ዓመት ረዳት ሆንኩ።

በዚያው ዓመት በበልግ መምህር ላምቤቦ ከሞርሲቶ አካባቢ የትምህርት ቤታቸውን ሬዲዮ በጋቢ ጠቅልለው መጡ። ሬዲዮው ደህና ነበር። የጠፋው የባትሪ ድንጋይ ነው። ዝናቡ መንገዱን ሲያበላሸው መኪና አይገባም፤ መኪና ካልገባ ደግሞ ድንጋይ የለም።

«ኢንስፔክተሩ በሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣሉ» አሉ መምህሩ። «ባለፈው ሲመጡ ሬዲዮው መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ አገኙት። አሁንም እንደዚያ ካገኙት ለሌላ ትምህርት ቤት ሊሰጡት ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛ የሚሰሙት በእሱ ብቻ ነው።»

ጓዳችን ውስጥ የአንድ አሮጌ ብስክሌት የፊት ጎማ ነበር። ዲናሞው የተሠራው ጎማው መሃል ላይ፣ እምብርቱ ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ ቢዞር እንኳ አምፖል ያበራል። «ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወንዝ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ከግቢው ሥር ነው» አሉኝ። ጋሽ ሸምሱ ትንሽ አሰቡና፣ «ሞክር። ዲናሞው ከተበላሸ ግን ወደ መጥረጊያህ ትመለሳለህ» አሉ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ከውሃው በላይ ላንጠለጥለው ነበር። ግን ወንዙ ጠዋት ጉልበት ድረስ ከሆነ፣ ዝናብ ሲጥል ደረት ድረስ ይሞላል። ከላይ ብሰቅለው አንድ ቀን ውሃ ያጣል፣ አንድ ቀን ግንድ ይገጨዋል። ስለዚህ ከነዲናሞው ወንዙን በሚያሻግረው ድልድይ ሥር፣ ውሃው በሁለት ቋጥኝ መካከል በሚጣደፍበት ጠባብ ቦታ መስጠም ነበረበት።

የጎማውን ቸርኬና ቸርኬውን የሚይዙትን ሽቦዎች ቆርጬ ጣልኩ። እምብርቱ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ አራት ክንፎች አሰርኩ። ክፍተቱን ሁሉ በሰም ደፈንኩ። ዲናሞ የሚሰጠው ወዲያና ወዲህ የሚል ኤሌክትሪክ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ባንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ይፈልጋል። ለዚህ ከሞተ ሬዲዮ ዳዮድ ነቅለን ጨመርንበት። ሱቁ ውስጥ ገንዳ ውሃ ውስጥ ከትቼ በእጄ ሳዞረው ሬዲዮው ተናገረ። ሥራው አለቀ ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ድረስ ወስደን በገመድ አስረን ወንዙ ውስጥ አስገባነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውንም እስከ ክፍሉ ዘረጋን። ሬዲዮው ሁለት ሰዓት ያህል አወራ፤ ከዚያ ዝም አለ። አውጥቼ ብፈታው ቡናማ ውሃ ፈሰሰ።  

የመምህር ላምቤቦ ባለቤት ወይዘሮ አበበች ውሃ ሊቀዱ ወርደው ያዩን ነበር። «ውስጡ ባዶ ነው?» አሉኝ በሀዲይኛ።

«አዎ፣ አየር ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይጠጣም? ባዶ ቅል ውሃ ውስጥ ብትነክር ይጠጣል። የሞላ ቅል ግን ምን ቦታ አለው?»

ስለዚህ ዲናሞውን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ፈሳሽ፣ በዘይት ልሞላው አሰብኩ። የመኪና ዘይት ብሞላበት ወፍሮ ክንፎቹን አላዞር አለ። ማክሰኞ በእግሬ ሆሳዕና ተመልሼ ከልብስ ሰፊ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ለመንኩ። ጋሽ ሸምሱ የሆነውን ሲሰሙ ዘይቱ እንዳይፈስ ለዘንጉ በሞራ የራሰ የቆዳ ቀለበት ራሳቸው ቆረጡልኝ። ከዚያ በቅሏቸውን አስጫኑና፣ «እንሂድ፣ ይህን ሳላይ አልቀርም» አሉ።

በዚያው ሌሊት ደርሰን ዘይቱን ሞልተን ወንዙ ውስጥ መለስነው፤ ረቡዕን ሙሉ ቀን ሠራ። ሐሙስ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ስለሞላ ዲናሞው ጨርሶ አይታይም ነበር። ኢንስፔክተሩ ጭቃ በጭቃ ሆነው ደረሱ፤ ትምህርቱን ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ቀጥለው የሬዲዮውን የጀርባ ክዳን ከፈቱ። ባዶ ነው።

«ድንጋዩስ?»

«ወንዝ ውስጥ ነው» አሉ መምህሩ።

«ትቀልድብኛለህ?»

ጋሽ ሸምሱ በትሕትና ድልድዩ ድረስ ወሰዷቸውና ዲናሞው የታሰረበትን ገመድ አስያዟቸው። ኢንስፔክተሩ ሳቡት። ከክፍሉ ልጆቹ «ጠፋ» አሉ። ለቀቁት። «መጣ» አሉ ልጆቹ። አራት ጊዜ ሳቡት። ከሁለተኛው በኋላ አምነው የነበረ ይመስለኛል፤ የቀረው ለጨዋታ ነው።

ሬዲዮው እዚያው ቀረ። መምህር ላምቤቦ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የዲናሞውን ዘይት ይቀይሩ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ዲናሞውን ጎርፍ ወሰደው። «ዲናሞውን ወንዙ በላው፤ ሬዲዮው ጤና ነው፤ ሌላ ሥራልን» ብለው ጻፉልኝ። ሠራሁላቸው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዚሁ ሙያ ኖርኩ። አዲስ ለሚገቡ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ዕቃ የሚፈተነው በሚሠራበት ቦታ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ሱቅ ውስጥ ሠራ ማለት ገና አልተፈተነም ማለት ነው።