በስቅለት ቀን የተቆፈረ መደብ

ሮዚና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሀንጋሪ የተባረረችው ጀርመናዊት ነሽ ተብላ ነው። ጀርመን ስትገባ ደግሞ መንደሩ በሙሉ «ሀንጋሪያዊቷ» አላት። ዘር ማንዘሯ በዳኑብ ዳር ሁለት መቶ ዓመት ማረሱን የጠየቃት የለም፤ ማኅተም የጨበጠ ሰው ለጥያቄ ምን ጊዜ አለው? አንዱ መንግሥት እዚያ መታባት፣ ሌላው እዚህ መታባት፤ በመካከሉ ሠላሳ ሰው ባንድ የከብት ፉርጎ ታጭቆ አሥራ ሁለት ቀን ተጓዘ። ታላላቆቹ ይህን «የሕዝብ ዝውውር» ብለው ጻፉት። በግ እንኳ ሲዛወር ውሃ ያጠጡታል።

ሩሲያኖች ለግዳጅ ሥራ የወሰዱት ባሏ አንድሬያስ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ይሁን አፈር ውስጥ አይታወቅም። ልጅ አልወለደችም። ከቤቷ ይዛ የወጣችው አንድ የላባ ፍራሽ፣ አምስት ጥቁር ጉርድ ቀሚስ፣ በአንደኛው ቀሚስ ጠርዝም ሰፍታ የደበቀቻቸው አርባ የበርበሬ ፍሬዎች ነው። ዘሩ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ከዚያ መንደር በእጇ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር። የበርበሬ ዘር ግን እንደ ሚስት ተስፋ ዝንተ ዓለም አይጠብቅም። ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ዘንድሮ አፈር ካላገኘ አበቃለት።

ያስጠጋት ጎትሎብ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ነው። ሉተራን ነው፤ ጀርባው የቀና፣ ቃሉም የቀና፣ ፈገግታውን ግን ለመንግሥተ ሰማያት ያስቀመጠ። ከጣሪያው ሥር ያለችውን ክፍል የሰጣትም ወዶ ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ ነው። ሮዚና የበረዶውን ክረምት ሙሉ በረቱን ስትጠርግለት ከረመች። መጋቢት ላይ ከጎተራው ጀርባ አንዲት ጠባብ መሬት ፈቀደላት፤ ድንጋይ የበዛባት፣ ድንች እንኳ የተጠየፋት። እሷ ግን ርስቷ የተመለሰላት ያህል ደስ አላት።

ከዚያ ስቅለት መጣ።

ሮዚና ባደገችበት መንደር ከቄሱ እስከ እረኛው ካቶሊክ ነበር፤ ሉተራን የሚባል ፍጡር ከዚህ በፊት በዓይኗ አይታ አታውቅም። እዚያ ስቅለት ይጾማል እንጂ ዶማ አይሰቀልም። እንዲያውም ሴቶቹ ጓሯቸውን የሚቆፍሩት ያን ዕለት ነው፤ ጌታ ወደ መሬት በገባበት ቀን የተዘራ ከጌታ ጋር ይነሣል ይላሉ። እናም ማለዳ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወረደችበት።

እዚህ ደግሞ ስቅለት የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፤ ዶሮ እንኳ ከጮኸች ባለቤቷ የሚያፍርበት። ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ስደተኛዋ እስከ ክንዷ አፈር ሆና ከቦዩ ቀና አለችና በትሕትና እንዴት አደራችሁ አለቻቸው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳቡ።

ጎትሎብ ከሰዉ ተለይቶ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ የጌታን መቃብር ነው የምትቆፍሪው?»

ሮዚና ያመሰገናት መሰላት። «አዎን ጌታው፣ እንዲነሣ ብዬ ነው።»

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ መጀመሪያ ወዳረፈችበት የስደተኞች ካምፕ ትመለስ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አይሁዳዊው ባለ ሱቅ ከነቤተሰቡ በጠራራ ፀሐይ ሲወሰድ መጋረጃውን የዘጋ መንደር፣ ስለ ተደፈረችው ዓርብ አደባባይ ወጥቶ አለቀሰ። ጎትሎብ ግን የሰጠውን መንጠቅ አይሆንለትም። «እግዚአብሔር ይፍረድ» አላት። እስከ መስከረም ካፈራ መሬቱ የእሷ ነው፤ ካላፈራ መሬቱንም ክፍሉንም ትለቃለች።

በምድጃው አጠገብ በሣጥን አፈር ከዘራቻቸው አርባ ፍሬዎች አሥራ አራቱ በቀሉ። ባንድ ፉርጎ አብራት የመጣችው ቴሬዝ ችግኞቹን ቆጥራ፣ «ተመስገን በይ» አለች። «ከወንዶቻችን ይሻላሉ። ከእነሱ አርባ ሄደው ሦስት ናቸው የተመለሱት።»

የግንቦት ውርጭ ሲያልፍ ችግኞቹን ወደ መደቡ አዛወረቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ መሬቱ ባዶ ሆድ ነበር። ሮዚና ፍግ ለመነች። በዚህ አገር የፍግ ክምር በቤት ደጃፍ ይቆለላል፣ ጎኑ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ልጃገረድ የምትታጨው አባቷ ሳይሆን ክምሩ ታይቶ ነው። የጎትሎብ ሚስት ፓውሊነ፣ ላሞቹ የእኛ፣ ፍጉም የእኛ ብላ መለሰቻት።

ሰኔ ላይ የካቶሊኮች የቅዱስ ቁርባን ዑደት ደረሰ። ሮዚናን ጨምሮ አሥራ አንድ ስደተኞች ሻማ ይዘው፣ በብስክሌት ከመጣ ቄስ ኋላ ሆነው እየዘመሩ በመንደሩ መንገድ ወጡ። ሉተራኖቹም ለዕለቱ የቆየ ልማድ አላቸው፤ በዓሉ የእኛ አይደለም ለማለት ያን ቀን ፍግ ያመላልሳሉ። ጎትሎብ የስቅለቱን ብድር ሊመልስ ጋሪውን ሞልቶ መጣና፣ ዑደቱ በጎተራው በኩል ሲደርስ በሮዚና መደብ አፍ ላይ ዘረገፈው። ቄሱ በመሐረቡ አፍንጫውን ያዘ።

ሮዚና ቆመች። ክምሩን በዓይኗ መረመረች፤ የላም ነው፣ ገለባው በደንብ የበሰበሰ፣ የከረመ።

«ጌታው፣ ይህ ለእኔ ነው?»

«ለበዓልሽ ነው» አለ ጎትሎብ ጢሙን ቀና አድርጎ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ሻማዋን ለቴሬዝ አስይዛ መንሹን ከጋሪው ላይ አወረደች።

ቴሬዝ ክንዷን ያዘቻት። «በቅዱስ ቁርባን ቀን? አንቺ ነፍስ የለሽም?»

«ነፍሴማ እዚያ ቢጫ ሆና ቆማለች» አለች ሮዚና።

አሥሩ ካቶሊኮች ሳይሰናበቷት እየዘመሩ አለፉ፤ ቴሬዝ እስከ ነሐሴ አላነጋገረቻትም። ሉተራኖቹም ግራ ገባቸው፤ ሰድበዋት ነው ወይስ መጽውተዋት? ጎትሎብ ባዶ ጋሪውን ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ፤ ደግሞ መንሹ የእሱ ነበርና ፍጉን በትና እስክትመልስለት መጠበቅ ነበረበት።

መስከረም ሲጠባ በርበሬው ቀልቶ ተንዠረገገ። ጎትሎብ ከእሑድ ጸሎት በኋላ ሚስቱንና ጎረቤቶቹን አስከትሎ የፈጣሪን ፍርድ ሊያይ መጣ፤ አንዱን ዛላ ቀጥፎም እንደ ካሮት ገመጠው። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ፤ በሕዝብ ፊት ግን መትፋት ነውር ነውና ዋጠው።

«ይህ ምግብ አይደለም» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። ቆየት ብሎም፣ «መሬቱ ግን ያንቺ ነው።»

በማግስቱ ራሱ መዶሻ ይዞ አጥር አጠረላት። ችካሎቹን ከቀድሞው ወሰን ሁለት እርምጃ አሳልፎ ወደ ራሱ ማሳ ነበር የተከላቸው። ፓውሊነ ተሳስተሃል ብትለው አልሰማትም፤ ሮዚናም ውሃ ልታመጣለት ወደ ጉድጓዱ ሄደች።