ብረቱ የነካው ድንጋይ

ረቡዕ፣ ንጋት፣ ሰቆጣ

ፀሐይ ሳትወጣ ሐጂ ሰይድ ሱቃቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ባሕር ዳር ድረስ ደውለው የጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው ከባትሪ ድንጋይ እስከ ጫማ ክር የማይሸጠው የለም፤ ከተከዜ ሐይቅ የሚወጣውን አሳም ይረከባሉ። ችግሩ መረቡ ነው። ውሃው ከዋጣቸው ዛፎች ጋር እየተጠላለፈ ይቀደዳል። ገዢ የሚፈልገው አምባዛ ደግሞ፣ ያ ጥቁሩ፣ ጢማሙ አሳ፣ ታች መሬቱ ላይ ተኝቶ ነው የሚውለው።

"የታች መንጠቆ አስተሳሰር ጋዜጣ ላይ ጽፈህ የለ? እንግዲህ ናና እሰር" አሉኝ።

ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክንዱ የሚባል ወዳጅ አላቸው። ልጁ ምስጋናው ሻንጣውን አዘጋጅቶ በበረሃ አድርጎ ሳውዲ ሊሄድ ነው። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። "አምባዛ ከተያዘ እቀራለሁ ብሏል። እናቱ በዚህች ቃል ነው ያለችው።"

"አምባዛውን ለእኔ ይተዉት" አልኩ። ጣና ዳር የተወለደ ሰው አፉ ትልቅ ነው።

በኒሯቅ መንገድ

አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀን ቁልቁል እንወርዳለን። ቀይ አፈር፣ ድንጋይ፣ ቁልቋል፣ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠሉ ፍየሎች። ብርዱ ደጋው ላይ ቀርቶ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ሾፌሩ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩትን ከረጢት ነካ አድርጎ "ይሄ ሁሉ ብረት ምንድን ነው?" አለኝ። ከጋራዥ የለቀምኩት አሮጌ የብሎን ዳዶ መሆኑን ነገርኩት።

"አሳውን በዳዶ ሊመቱት ነው?" ብሎ እስከ ኒሯቅ ሲስቅብኝ ሄደ። እዚያ ሻይ በዳቦ ቀመስን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእግር ነው።

ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

አቶ ክንዱ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በሁለት እጃቸው ጨብጠውኝ ከረጢቴን ነጥቀው ተሸከሙ። የቀድሞው መንደር ግድቡ ሲሞላ ከውሃው ሥር ቀርቷል፤ የአሁኑ ቤታቸው ዳገቱ ላይ ተሠርቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። አምባዛን እነሱ አይበሉትም፤ ቅርፊት የለውም። የሚበላው ሌላ አገር ነው፣ እነሱ ይልኩታል እንጂ።

ከግራሩ ሥር ተቀምጠን ማሰር ጀመርን። ሥራው ቀላል ነው። ወፍራም የናይለን ክር ጫፍ ላይ፣ ወደ ታች እንዲያሰጥም፣ ዳዶውን በቀጭን የልብስ ክር ታስራለህ፤ ከእሱ ከፍ ብሎ መንጠቆ ያለበት አጭር ክር ይንጠለጠላል። ዳዶው ታች ከተያዘ ቀጭኑ ክር ይበጠሳል፣ ዋናው ይተርፋል። ምስጋናው አንዴ አይቶ አሰረው። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ዓይኑ መንገድ መንገዱን የሚያይ ልጅ ነው።

"ክሩን በጣትህ ያዝ" አልኩት። "ብረቱ ጭቃ ሲነካ ልስልስ ይላል። ድንጋይ ሲነካ ቅጭ ብሎ እጅህ ድረስ ይመጣል።"

ወይዘሮ ትርንጎ ሳህኑን ይዘው ቆሙ። "ታች ያለውን ያሳውቃል?"

"ሁሉንም፣ እናቴ። ቤትዎ እንደገባሁ ያህል ነው የማውቀው።"

ሐሙስ

ጠዋት ሦስታችን በጀልባ ወጣን፤ ውሃው ረግቷል። የሌሎቹ መረብ ተንሳፋፊዎች እዚህም እዚያም ይታያሉ፤ ከአንዲት ጥግ በስተቀር። ጥላ ያላት፣ ንፋስ የማይነካት ጥግ ናት። አንድም ሰው አልጣለባትም። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ባገኝ ለማንም አልናገርም ነበር።

"እዚያ ለምን አንሞክርም?" አልኩ።

ምስጋናው ለአባቱ በማልሰማው በኽምጣኛ አንድ ነገር አላቸው፣ ፈጠን አድርጎ። አባትየው አጠር አድርገው መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ይሁን፣ እንሂድ" አሉና ቀዘፉ። ስንደርስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ላብ ነው ብዬ አለፍኩት።

ብረቱ ወረደ። ቅጭ። ትንሽ ገፋ ብለን ጣልን፤ አሁንም ቅጭ።

"የድንጋይ ክምር ነው፤ እዚህም ሌላ አለ። አምባዛ እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል። ማን ከመረላችሁ?" ብዬ ቀለድኩ። የሳቀልኝ የለም። አንዱ ዳዶ ተያዘና ጎተትኩት፤ ክሩ ተበጥሶ ብረቱ እዚያው ቀረ። "ይኸው፣ ቀጭን ክር ለዚህ ነው" ብዬ ጭራሽ ኮራሁ።

አምባዛው መጣ። ክንድ የሚያህል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ምስጋናው ፊቱን አዙሮ ይጎትታል። አቶ ክንዱ መቅዘፊያውን እንደያዙ ዳገቱን ያያሉ። ክር አልነኩም።

ስንመለስ ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ሰላምታ አልሰጡንም። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ሄዱ። አሳውን የሚያግዘን ጠፋ። ቅናት ነው አልኩ በሆዴ። አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምስጋናውና እኔ የአሳውን ሆድ እንከፍታለን። ቢላዋውን አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ ያ ጥግ የመንደሩ መቃብር ነው። ውሃው ሲሞላ አፅማቸው ያልተነሣው እዚያው ቀሩ። መረብ እንኳ አይጣልም፤ ታች የሚነካ ነገርማ ጨርሶ። እህቴ ዝናሽ እዚያ ናት፤ በልጅነቷ ነው ያረፈችው።"

እጄ ላይ ያለው ደም መሰለኝ የከበደኝ። "ለአባትህ ያልካቸው ይህንን ነው?"

"'እሷ ያለችበት ነው' አልኳቸው። 'እንግዳ ነው፣ አሳፍረን አንመልሰውም፤ አሳው ከተገኘ ደግሞ አንተ ትቀርልኛለህ' አሉኝ።"

ክምሮቹን አስታወስኩ። ማን ከመረላችሁ ማለቴንም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ዓርብ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎህ ሲቀድ አቶ ክንዱ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

"እርስዎ ምን ያውቃሉ? መቅዘፊያውን የያዝኩት እኔ ነኝ" አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምስጋናው ከእኛ በፊት ተነስቶ ወጥቷል። እጅጌው ረጥቦ ተመለሰ፤ ወዲያኛው ዳር፣ ጭቃው ላይ መንጠቆ ጥሎ አንድ አምባዛ ይዟል። አባቱ ፊት አስቀመጠው። "እዚያም አለ" አላቸው።

እዚያም ነበር ለካ። ያ ሁሉ ባይደረግም ይገኝ ነበር።

መኪናው እስከሚቆምበት ምስጋናው ሻንጣዬን፣ የእኔን ሻንጣ፣ ተሸክሞ ሸኘኝ። ወይዘሮ ትርንጎም ከኋላ ይከተሉናል። እሱ ዕቃዬን ለረዳቱ ሲያቀብል እሳቸው ቀረብ አሉኝ።

"ታች ያለውን ያሳውቃል ብለውኝ ነበር" አሉ። "ድንጋዩ አለ? ወይስ ውሃው በተነው?"

የነካሁት ብዙ ነው። የዝናሽ የትኛው እንደሆነ፣ ከእነዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር፣ አላውቅም።

"አለ፣ እናቴ። እንደተከመረ ነው።"

"ተመስገን" አሉና ክሩን ይዤበት የነበረውን እጄን ስበው ጣቶቼን ሳሙ።

መኪናው ሲነሳ ወደ ኋላ አየሁ። ምስጋናው አልተሳፈረም። የእናቱን ነጠላ ጫፍ ከእሾህ እያላቀቀ ነው። ሻንጣው ቤት ቀርቷል።

ሰቆጣ፣ ማምሻውን

ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። "ልጁስ?"

"ቀረ። አምባዛውም ተይዟል።"

"አላህ ይስጥህ፤ አኮራኸኝ" ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለማውጣት አፈርኩ።