የጥድፊያ እሺ

ጥድፊያን አንድ ተራ ቀን የሚያስከፍላት ገንዘብ ብቻ ቢሆን በወደደች። ጠዋት እንቅልፏን ትከፍላለች፤ ልጇን የሕፃናት መዋያ አድርሳ ወደ ሥራ ስትሮጥ ትንፋሿን፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን። ማታ የምትተርፋት ጉልበት ልጇን አዝላ ደረጃ ለመውጣት ናት፤ እሷም ከተረፈች። «ጥድፊያ» ያሏት የስፌት ቤቱ ሴቶች ናቸው። ክር እስክታስገባ እንኳ እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ይነካካል።

ስፌት ቤቱ የጋራ ነው፤ ትርፉም ጭቅጭቁም። ሰሞኑን ያጨቃጨቃቸው የሥራ መግቢያ ሰዓት ነበር። ረፋዱ ላይ መብራት እየጠፋ ስላስቸገረ፣ ጎህ ሲቀድ እንጀምር የሚል ሐሳብ መጣ። የጥድፊያ ልጅ መዋያ ግን በዚያ ሰዓት በሩ ዝግ ነው። ሰዓቱ ከጸደቀ ሥራዋን መልቀቋ ነው።

በስብሰባ የሚደመጠው ሁሌ የጮኸ ስለሆነ፣ ጨርቅ ቆራጩ ጋሼ ስልካቸው ላይ ያለውን፣ እንደ ሰው የሚያወራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አመጡ። እያንዳንዱ አባል ለብቻው ያዋራዋል፤ እሱ የሁሉንም ሐሳብ አጠናቅሮ ለጋራ ውሳኔ ያቀርባል። ጥድፊያም ተራዋ ደርሶ ስልኩን ይዛ ጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል ገባች።

«ጎህ ሲቀድ መጀመሩን እንዴት ያዩታል?» አላት ስልኩ በትሕትና።

ሐሳቡን ያመጡት ሙያውን ያስተማሯት እትዬ ናቸው። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሺ... እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ተሰብስበው ስልኩን ከፈቱት። «ሁሉም አባላት ተስማምተዋል» አለ።

ጥድፊያ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሳች። «የኔ እሺ እኮ እሺ አይደለም!»

«በሞትኩት! ታዲያ ምንድን ነው?» አለች ቁልፍ ሰፊዋ እየሳቀች።

«ሰማሁ ማለት ነዋ! እትዬን እምቢ የሚል አፍ ከየት ላምጣ?»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔን ፈርተሽ? እኔ ጅብ ነኝ?»

ቁልፍ ሰፊዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «የኔም እሺ... ያው የሷ ዓይነት ነው።»

ስልኩ ሲነገረው «ይቅርታ፣ እሺን እንደ ስምምነት ቆጥሬዋለሁ» አለ። «እንደገና ልጠይቅ፤ ሰዓቱ ቢቀየር ማን ምን ይቸገራል?»

«ምን ያድርግ፣ ይሉኝታ አላስተማሩት!» አሉ ጋሼ።

ጥድፊያ ዳግም ጨርቆቹ መሃል ገባች። አሁን ሁሉንም ዘረገፈችው፤ የመዋያውን በር፣ ልጇን፣ የእትዬን ውለታ ሳይቀር። ውሳኔው ነገ ነው። ምን እንደሚወጣ አታውቅም፤ ወደ ስፌቷ ብትመለስም እግሯ ፔዳሉን አሁንም ይነካካል። ግን ችግሯ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል።

እስከዚያው እናንተን አንባቢዎቿን የምትለምናችሁ አንድ ነገር አላት፤ በቤታችሁም ሆነ በሥራችሁ ቶሎ እሺ የምትል ሰው ካለች፣ ተስማማች ብላችሁ አትለፏት። «የትኛው እሺ ነው?» በሏት እስቲ፣ አንዴ ደግማችሁ።