ጉንጭ ላይ ያረፈ መዳፍ

ቁልፍ ሰፊዋ፣ ልጇ የምትለው ነገር ከእሷ በቀር ለማንም አይገባም ብላ ታምን ነበር። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። እናትና አባት በእጃቸው፣ በትከሻቸው፣ በፊታቸው እየተወኑ አሳደጓት። «ነገ» ለማለት ጭንቅላትን መዳፍ ላይ አስተኝቶ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ከዚያ ነቅቶ መንጠራራት ነበር። አባትየው ማዛጋት ይጨምርበታል። እሱ ካረፈ ወዲህ የቤቱ ወሬ በሁለት ሰው እጅ ቀረ።

እናትና ልጅ የሚሠሩት አንድ የልብስ እጥበት ቤት ውስጥ ነው፤ ልጅቷ ትተኩሳለች፣ እናቷ የወለቀ ቁልፍ ትተክላለች። ዘንድሮ ባለቤቱ ሁለት የማይሰሙ ተኳሾች ጨመረ። «ቢያንስ ሐሜት አይኖርም» አለ። ወር ሳይሞላ ከእነሱ የባሰ ሐሜተኛ ጠፋ።

መጀመሪያ ሁሉም የየቤታቸውን ትወና ይዘው መጡ፤ አንዷ ያሳየችው ለሌላዋ ካልገባት እንደገና መተወን ነው። ግን ካውያ ይዞ ማን ይንጠራራል? እንቅስቃሴው እያጠረ፣ እየፈጠነ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጅቷ መዳፏን ጉንጯ ላይ ጣል አደረገች። ቆይታ ደገመችው። እናት ጥርሷን ያመማት መስሏት ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝታ ከውሃ ጋር አቀረበችላት። ተኳሾቹ ተያዩና በሳቅ ሸሚዙ ላይ ተደፉ።

«ምኑ ነው የሚያስቀው? ልጄን አውቃታለሁ እኮ» አለች እናት ገንዳው ላይ ላጎነበሰው አጣቢ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ሰሞን እኔን ለመጥራት አካሄዴን በሙሉ ይቀዱ ነበር። አሁን ሆዳቸውን ነካ ነው» አለ አጣቢው።

«አንተ መሆንህን በምን አወቅህ?»

«እዚህ ቤት ሌላ ሆድ አለ?»

እናት ክኒኑን እንደያዘች ቁጭ ብላ ተመለከተቻቸው። መዳፍ፣ ጉንጭ። ዘግይቶ ገባት፤ «ነገ» ነው። እንቅልፉም መንቃቱም ወልቀዋል። ማዛጋቱም ሄዷል። ታዲያ ሌላስ ስንት ነገር አልፏት ይሆን?

በርጩማዋን አንስታ ወደ ተኳሾቹ ጠረጴዛ ተጠጋች። ጭንቅላቷን አስተኛች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ተንጠራራች፣ አዛጋች። ሴቶቹ የትልቅ ሰው ወግ እንደሚከታተል ሰው ሳያቋርጡ ጠበቋት። ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ አንዴ በእናቷው ጉንጭ ላይ አሳረፈችውና ለቀቀችው። እናት ራሷ ደገመችው።

ከሁለቱ ተኳሾች ቀጭኗ አገጯን ቀና አደረገች፦ ነገ ምን?

እናት ይህን አላሰበችበትም ነበር። በርጩማውን ጠቆመች፣ ከዚያም የቆመችበትን ወለል፦ እዚሁ።

ቀጭኗ የሸሚዙን ክምር ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት።