ኔሊ ለሀገር ሁሉ የተናገረችው

በእንግሊዟ በርንሊ ከተማ ኔሊ ኦርመሮድን ዝም ማሰኘት የቻለ የለም፤ የምትሠራበት ፋብሪካ የሽመና መኪኖችም አልቻሉም። ስምንት መቶ መኪና ባንድ ጣሪያ ስር ሲንኳኳ ቢጮሁም አይሰማም። ስለዚህ የፋብሪካው ሴቶች የሚያወሩት ያለ ድምፅ ነው፤ አፋቸውን ከፈት ዘርጋ ያደርጋሉ፣ አንዷ የሌላዋን ከንፈር ታነባለች። ሐሜቱም ቀልዱም የሚያልፈው እንዲሁ ነው። በዚህ ደግሞ ኔሊን የሚስተካከል አልነበረም።

የማታስቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የገዛ ባሏ። የሽመና መኪና ጠጋኙ ዊልፍ ከመሰላል ወድቆ እግሩን ከሰበረ ሦስት ወሩ። ወንበር ላይ ተተክሎ ሬድዮ ይሰማል፤ ፈገግ እንኳ አይልም። እናም የሬድዮው የምሳ ሰዓት የቀልድና የዘፈን ዝግጅት ከነሱ ፋብሪካ በቀጥታ ሊተላለፍ ነው፣ ከሠራተኛም አንድ ሰው ይቀልዳል ሲባል፣ ኔሊ ማንንም ሳታማክር ተመዘገበች።

«ዛሬ ካልሳቅህ እንግዲህ አልቆልሃል» አለችው ጠዋት ስትወጣ።

«በቀልድ ደመወዝ የሚበሉትም አላሳቁኝ።»

ምሳ ሰዓት ላይ የፋብሪካው የምግብ አዳራሽ ጢም አለ። ከለንደን የመጣው አዘጋጅ ሚስተር ፔል ማይክራፎኑ ፊት አቆማት። «ሠላሳ ሰከንድ አለዎት እመቤቴ። አይፍሩ፣ እንደ ወትሮዎ ያውሩ።»

ኔሊም እንደ ወትሮዋ አወራች። አፏን ከፈተች፣ ዘረጋች፣ አጣመመች፤ ድምፅ የሚባል ግን አልወጣም። ሠራተኛው ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። ሚስተር ፔል ገመዱን ነቀነቀ፣ ላብ አጠመቀው። «ድምፅ፣ እመቤቴ፣ ድምፅ!» አለ በሹክሹክታ።

ኔሊ ከንፈሩን አንብባ «ቆይ ልጨርስ» አለችው፤ ይህንንም ያለ ድምፅ።

ወርዳ ስትቀመጥ ጎረቤቷ አይዳ ጠጋ አለቻት። «እትዬ ኔሊ፣ በሬድዮ እኮ ከንፈር አይታይም።»

ኔሊ ክው አለች። «ዊልፍ አልሰማኝማ።»

ከሥራ እንደወጣች እየሮጠች ቤት ገባች። ዊልፍ የሬድዮውን ጀርባ ፈቶ፣ ብሎኖቹን ጭኑ ላይ ሰብስቦ ተቀምጧል።

«ስምሽን ጠሩና ጸጥ አለ» አላት። «ሳቁ ግን ይሰማል። ሦስቴ በጫማ መታሁት።»

«ሬድዮው ጤነኛ ነው። እንደ ፋብሪካው ነው ያወራሁት።»

ዊልፍ ትክ ብሎ አያት። «ለሀገር ሁሉ?»

«ለሀገር ሁሉ።»

«ምን ነበር ያልሽው?»

ኔሊ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የሬድዮው ሰውዬ ነገ ጭጋግ አለ ሲል፣ ባሌ ተነስቶ የሬድዮውን መስታወት ወለወለ።»

ዊልፍ አሰበበት። «ታዲያ በማግስቱ ሰማዩ አልጠራም?»

ይህን ብሎ ራሱ ፈነዳ። ጀሶ የታሰረ እግሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ብሎኖቹ ምንጣፉ ላይ ተበተኑ። ኔሊ ተንበርክካ መልቀም ስትጀምር እጇን ያዛት።

«ተይው፣ ይደርሳል። እስኪ መጀመሪያ ድገሚልኝ።»